በግራ እግር የታሰረ

ማሳምባ የማዕበል መንሸራተቻ ሳንቃ ሲጠግን ሬዲዮውን ጮክ አድርጎ ይከፍታል። ዜና ወዶ አይደለም፤ ዘፈንም ቢሆን አይገደውም። የሚከፍተው አንድ ድምፅ ላለመስማት ነው። ድምፁ ደግሞ ለሰው ቢነግሩት የሚያስቅ ነገር ነው፤ የሕፃን ጫማ ተለጣፊ ማሰሪያ ሲላቀቅ እንደሚለው ጭርርር የሚል፣ በቃ እሱ ብቻ። ሁለት ዓመት ሙሉ፣ በዓሣ አጥማጆቹ መንደር በንጎር፣ ባሕር ዳር ባለችው የቆርቆሮ ቤቱ ውስጥ፣ ማንም ካልቆመበት ጥግ ጭርርር ይልና ዝም ይላል። መጀመሪያ አይጥ ነው አለ። መርዝ አስቀመጠ። አይጦቹ አለቁ፤ ድምፁ ግን ንቅንቅ አላለም።

ሶክና የመጣች ዕለት የሬዲዮው ባትሪ አልቆ ነበር። ማሳምባ አንድ ፈረንጅ ሰብሮ ጥሎት የሄደውን ሳንቃ በብርጭቆ ወረቀት እየፈገፈገ፣ በአፉ ያለ ዜማ እያንጎራጎረ ጆሮውን ያታልላል። በሩ ጨለም ሲል ቀና አለ። የያይ ማጌት ልጅ ናት፤ በንጎር ያይ ማለት እማማ፣ ባይ ማለት ደግሞ አባባ ነው። ረጅም፣ ጭኗ የሯጭ፣ የትምህርት ቤት ሜዳልያዎቿን እናቷ ሳሎን ሰቅላ ለመጣው እንግዳ ሁሉ የምታሳይላት ልጅ።

“አሰላሙ አለይኩም፣ ባይ ማሳምባ።”

“ወአለይኩም ሰላም። እናትሽ ደህና ናት?”

“ደህና ናት። ሳንቃ ልገዛ ነው የመጣሁት።”

“ለማን?”

“ለራሴ ነዋ። ለፍየላችን መሰለዎት?”

ማሳምባ አልሳቀም። ዓይኑ ሳያስበው ወደ እግሯ ወርዶ ነበር። በግራ ቁርጭምጭሚቷ ላይ በቆዳ የተለበጠ ወፍራም ክታብ ታስሯል። አዲስ ነው፤ ቆዳው ገና አልጠቆረም። ያይ ማጌት ውኃ እንድትገባ ፈቅዳለች ማለት ነው። ፈቅዳም አስራላታለች፤ እዚያው እግር ላይ፣ እዚያው ቦታ ላይ። የያዘው ብርጭቆ ወረቀት ከእጁ ወደቀ።

የሶክና ታላቅ ወንድም ንዲያጋ ይባል ነበር። ትግል ገጣሚ፣ በሰፈሩ ሜዳ ያልጣለው ጎረምሳ ያልነበረ። ከሁለት ዓመት በፊት እሱም በዚህ በር ገብቶ ሳንቃ ስጠኝ አለ። ማሳምባ የጀማሪ የሆነውን ትልቁንና ወፍራሙን ቢያሳየው ከት ብሎ ሳቀና ከጣራው ሥር የተሰቀለችውን አጭሯን፣ ሹሏን ጠቆመ። “ሰው አንስቼ የማፈርጥ ሰውዬ እሷ ታቅተኛለች?” አለ። ማሳምባም የልጁን ትከሻ አይቶ ተታለለ። ጉልበተኛ ጀማሪ ከደካማ ጀማሪ የባሰ እንደሚያሰጋ ያውቅ ነበር። ደካማውን ትንሿ ማዕበል ራሷ ገፍታ ወደ አሸዋው ትመልሰዋለች፤ ጉልበተኛው ግን አንዲት ነገር ሳያውቅ በክንዱ እየቀዘፈ ትልልቁ ማዕበል ድረስ ይደርሳል። ይህን ሁሉ እያወቀ አጭሯን ሸጠለት።

በጥር ወር አንድ ጠዋት ሳንቃዋ ብቻዋን ወደ አሸዋው መጣች። መጀመሪያ ያገኛት ማሳምባ ነው። ሳንቃውን ከእግር ጋር የሚያያይዘው ገመድ አልተበጠሰም ነበር። ጫፉ ላይ ያለው ተለጣፊ ማሰሪያ ግን ግማሹ ተከፍቶ፣ በመሃሉ የንዲያጋ ክታብ ተሰክቷል። እናትየው በእጇ ያሰረችለት ክታብ ነው። በንጎር ልጁን ወደ ውኃ የምትልክ እናት ክታብ ሳታስር አትልክም፤ ጀልባውም ቢሆን ክታቡ ሳይታሰርለት ከአሸዋው አይነሳም። ንዲያጋ ማሰሪያውን የጠቀለለው በክታቡ ላይ ነበር። ወፍራሙ ቆዳ ከሥር ስለገባ ተለጣፊው ጫፍ ለጫፍ ብቻ ተያያዘ። ማዕበሉ ሲጎትተው ገመዱም፣ ማሰሪያውም፣ ክታቡም ተያይዘው ከእግሩ ወለቁ። ሌላ አገር ሰው በብዙ ዓይነት ይሰጥማል፤ እንዲህ ሆኖ የሚሰጥመው ግን የንጎር ልጅ ብቻ ነው።

ማሳምባ አሸዋው ላይ ተንበርክኮ ግራ ቀኙን አየ። ማንም የለም። ክታቡን ኪሱ ከተተ። ከዚያ ቢላዋውን አውጥቶ ገመዱን ቆረጠውና ማሰሪያውንም ሸሸገው። ያይ ማጌት እየሮጠች ስትደርስ “ገመዱ ተቆርጧል” አላት። ሰዉም የተቆረጠውን አየና በአንድ ድምፅ የቆረጠችው የውኃዋ ባለቤት ናት አለ፤ ለሰው ዓይን የማትታይ ጂን፣ አያቶቻቸው የረጋ ወተት ሲያፈሱላት የኖሩት። የውኃዋ ባለቤት ሰውን ስትፈልግ ገመድ አያግዳትም ተባለ። አስከሬኑን በሦስተኛው ቀን አገኙት። ጭርርር የሚለው ድምፅ የጀመረው ከቀብሩ ማግስት ነው።

“ባይ፣ ይሰሙኛል?” አለች ሶክና።

“እሰማለሁ።”

“እንደ ንዲያጋ ዓይነት ነው የምፈልገው። አጭርና ቀላል።” በግድግዳው የተደገፉትን ሳንቃዎች አንድ በአንድ እያነሳች ትመዝናለች። “ይቺ ጥሩ ናት። አትከብድም።”

“ክፋቷ እሱ ነው። ነይ፣ ያንቺ ያውልሽ።”

ከጥጉ ጎትቶ ያወጣው ሰማያዊው ነው፤ ከቁመቷ በላይ ሁለት ክንድ የሚረዝም፣ ላዩ እንደ ፍራሽ ስፖንጅ የለሰለሰ፣ ወፍራም። ሶክና ዞራ ዞራ አየችውና እጇን ወገቧ ላይ አደረገች።

“ይሄ ሳንቃ ነው የቤት በር? ዓሣ ልዘርጋበት?”

“ብትፈልጊ ተኚበት። ስድስት ወር በዚህ ትማሪያለሽ፣ ከዚያ እናያለን።”

“ባይ፣ እኔ እኮ ሯጭ ነኝ። አራት መቶ ሜትር ከማንም በፊት ነው የምገባው። ጉልበትም ሚዛንም አለኝ።”

“በሩጫ ላይ መሬቱ ባለበት ይቆይልሻል። እዚህ መሬቱ ራሱ ነው የሚሮጠው። ጉልበትሽ ካላወቅሽው ቦታ ይዞሽ ይሄዳል እንጂ አይመልስሽም።” ይህን ለንዲያጋ ነበር መናገር የነበረበት።

ሶክና ወደ ጣራው ቀና አለች። የወንድሟ ሳንቃ በማገሩ ላይ በጆንያ ተሸፍና ተቀምጣለች፤ ያይ ማጌት ቤቴ አትገባም ስላለች ከዚያ ወዲህ የሄደችበት የለም።

“ያቺስ?”

“ያቺ አትሸጥም።”

“ያን ዕለት እኔ አሸዋው ላይ ነበርኩ” አለች ልጅቷ ድምፅዋን ሳትለውጥ። “ከሩቅ አየሁት። እጁን አነሳ። የማውቀው ነገር መሮጥ ብቻ ስለነበር ሰው ልጠራ ሮጥኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ሮጬ አላውቅም። ግን ወደ ውኃው አይደለም የሮጥኩት። ለዚህ ነው የምማረው። ሁለተኛ ሰው ሲሰጥም ወደ መንደር አልሮጥም።”

ማሳምባ ልቡ ቆሰለ። ክታቡን ፍቺው ብሎ ሊናገር አፉን ከፈተ። ግን ክታቡን ከፈታች እናቷ ለምን ትላለች፤ ለምን ላለች ሴት መልሱ አንድ ብቻ ነው። አንቺ ያሰርሽለት ነው ልጅሽን የገደለው ብሎ ለያይ ማጌት ማን ይናገራል? ካልነገራት ደግሞ ይቺኛዋም ማሰሪያዋን በክታቡ ላይ ጠቅልላ ትገባለች።

“ዙሪ” አላት።

ፊቷን ወደ በሩ ስታዞር ከኋላዋ ድንገት ገፋት። ሶክና እንዳትወድቅ ቀኝ እግሯን አስቀደመች።

“ምን ሆነዋል እርስዎ?”

“የቱ እግርሽ ከፊት እንደሚሆን ማየቴ ነው።” ማሳምባ ፊቱን ደበቀ። ቀኟ ከቀደመ ግራዋ ከኋላ ነው፤ ገመዱም የሚታሰረው በኋለኛው እግር ላይ ነው። በክታቡ ላይ። እንደ ወንድሟ። “ግራሽ ከፊት፣ ቀኝሽ ከኋላ” አለ። “ገመዱን በቀኝ ታስሪያለሽ።”

“አሁን እኮ ቀኜ ነው የቀደመው።”

“ውኃ ላይ ይገለበጣል።”

ይህን ያህል ዓይን ያወጣ ውሸት በዕድሜው ዋሽቶ አያውቅም። ልጅቷ ግን በንጎር ማዕበል ላይ ከቆሙት ከመጀመሪያዎቹ አንዱ እሱ መሆኑን ስለምታውቅ እሺ ብላ ሰማያዊውን በራሷ ተሸክማ ሄደች።

ሦስት ሳምንት ወደቀች። ሌላ ሰው በሳምንቱ በሚቆምበት ሳንቃ ላይ እሷ በጉልበቷ እንኳ መንበርከክ አቃታት። በግራዋ ትነሳለች፣ ሰውነቷ በቀኟ መነሳት ይፈልጋል፣ መሃል ላይ ተጣልተው በአፍጢሟ ይደፏታል። የንጎርን ባሕር ግማሹን ጠጥታለች ተባለ። መረብ የሚጠግኑት ሰዎች ሥራቸውን ትተው ማየት ያዙ።

“ሯጯ ዛሬም በአፏ ገባች” ይላል አንዱ።

“አንደኛ ነው የወጣችው፣ አትርሳ” ይላል ሌላው።

ማሳምባ በር ላይ በርጩማው ላይ ተቀምጦ ይቆጥራል። በወደቀች ቁጥር ያፍራል፣ ብቅ ባለች ቁጥር አልሐምዱሊላህ ይላል። ያዋረዳት እሱ ነው፤ በሕይወት ያቆያትም እሱ ነው። ባትሪ ቢገዛም ሬዲዮው አልረዳውም። ድምፁ በቀን አንዴ የነበረው ሁለት ሦስቴ ሆነ። አንድ ቀን ሩዝና ዓሣውን ሊበላ ሲል ከጆሮው አጠገብ ጭርርር አለ፤ ሳህኑን ትቶት ወጣ። የውኃዋ ባለቤት ናት ብሎ አሰበ። ያልሠራችውን ወንጀል ሁለት ዓመት አሸክሟታል። እሷ ደግሞ ስሟን የሚያጠፋ ሰው የምትወድ አይደለችም።

በሦስተኛው አርብ፣ ከጁምዓ ሶላት መልስ፣ ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ ሙጫ ሲያማስል ጭርርር አለ። ማሳምባ ዞር አላለም። ለምዶታል።

“ባይ።”

ዞረ። ሶክና ውኃዋ እየተንጠባጠበ ደፉ ላይ ተቀምጣለች። እጇ እግሯ ላይ ነው፤ ማሰሪያውን አሁን ነው የፈታችው። የፈታችው ከግራ እግሯ ነው።

“ዛሬ ቆምኩ” አለች። ግን ደስ ያላት ሰው ፊት አልነበረም። “እግሬን ገለበጥኩት። ቀኜን አስቀደምኩ፣ ገመዱን በግራ አሰርኩ። በመጀመሪያው ማዕበል ቆሜ እስከ አሸዋው መጣሁ። በአንዴ።”

“ገመዱን በግራ?”

“ክታቡ ትንሽ አስቸገረኝ እንጂ ያዘልኝ። መጨረሻ ላይ ማሰሪያው ወለቀ፤ ሳንቃው ብቻውን ሄዶ መረብ ጠጋኞቹ ናቸው የያዙልኝ፤ መልሼ አሰርኩት።” ዓይኗን ከዓይኑ አላነሳችም። “እርስዎ እኔ ሳልወለድ ማዕበል ያወቁ ሰው ነዎት። የእግሬን ግራና ቀኝ ሊሳሳቱ አይችሉም። ለምን ዋሹኝ?”

 ማሳምባ የሙጫውን ጣሳ አስቀምጦ ፊት ለፊቷ አሸዋው ላይ ተቀመጠ። ማሰሪያዋ እንደ ንዲያጋው ወልቋል። ከዚህ በኋላ መደበቅ ነፍስ ማጥፋት ነው። ሁሉንም ነገራት፤ አጭሯን ሳንቃ እንዴት እንደሸጠለት፣ ማሰሪያው ውስጥ ምን እንዳገኘ፣ ቢላዋውን እንዴት እንዳወጣ። ክታቡን የሰም ማስቀመጫው ቆርቆሮ ውስጥ እንዳኖረው ሲነግራት አሳየኝ አላለችም። የራሷን ክታብ በጣቷ አዞረችው።

“ስለዚህ ሦስት ሳምንት በአፍጢሜ ሲደፉኝ የከረሙት ለእናቴ ብለው ነው።”

“ለእናትሽ። ለራሴም። ፈሪ ነኝ።”

“ገመዱን ቆርጠው በውኃዋ ባለቤት ላይ ለጠፉ።”

“ለጠፍኩባት።”

“እሷስ ምን አለችዎት?”

“ትናገረኛለች” አለ ማሳምባ። “በየቀኑ።”

ሶክና ልትስቅ የፈለገች መሰለች፤ ግን አለቀሰች። ሁለት ዓመት ሙሉ ወንድሜ እጁን ያነሳው እኔን ሲጠራ ነበር እያለች፣ ገመዱን የቆረጠች ጂን ካለች ግን ብሄድስ ምን አደርግ ነበር እያለች ራሷን ስታጽናና ኖራለች። አሁን ያችም ማጽናኛ ሄደች። ማሳምባ እጁን ዘርግቶ ትከሻዋን መንካት ፈልጎ አልደፈረም። ስትነሳ ክታቧን ፈትታ በእጇ ጨበጠችው።

“እናትሽ ባዶ እግርሽን ስታይ ምን ልትያት ነው?”

“እርስዎን እንድትጠይቅ” አለች።

ያይ ማጌት በማግስቱ ረፋድ ላይ መጣች። አንድ ገበቴ የረጋ ወተት በራሷ ተሸክማለች፤ አዲስ ጀልባ ወደ ውኃ ሲገባ በወተት እንደሚታጠብ ሳንቃውም ይታጠባል፣ ለንዲያጋ ሥራ በዝቶብኝ ነገ ዛሬ ስል ሳላጥብለት ቀረሁ ብላ ነው። ማሳምባና ያይ ማጌት አብረው ያደጉ ናቸው፤ ልጆች ሆነው አብረው ዓሣ ሰርቀዋል። ሶክና ከኋላዋ ቆማለች።

ያይ ማጌት ገበቴውን አውርዳ ሰማያዊውን ሳንቃ ከላይ እስከ ታች አየችው።

“ይሄ ደህና ነው። ሬሳ የሚሸከም ይመስላል ግን ደህና ነው።” ከዚያ ወደ እሱ ዞረች። “ልጄ ክታቧን ፈታች። ለምን ስላት ባይ ማሳምባን ጠይቂ ትላለች። ይኸው፣ ጠየቅሁ።”

ማሳምባ ሌሊቱን ሲያስተካክለው ያደረውን ንግግር ተወው።

“የንዲያጋ ገመድ አልተቆረጠም ነበር” አላት። “የቆረጥኩት እኔ ነኝ። እግሩ ላይ የነበረ ክታብ ማሰሪያው ሥር ገብቶ ነው ያስለቀቀው። አንቺ እንዳታይ ብዬ ክታቡን ወሰድኩና ገመዱን ቆረጥኩ።”

ያይ ማጌት አልጮኸችም። ሻሿን አስተካከለች። ፊቷ ላይ ምንም አልነበረም፤ ማሳምባን ከጩኸት ይልቅ ያስፈራው ይህ ነው።

“ሁለት ዓመት ሙሉ የውኃዋን ባለቤት ስረግም” አለች በመጨረሻ። “ጠዋት ማታ። ወተትም ከለከልኳት።” ከዚያ “ሶክና፣ ነይ። ክታብሽን አምጪ” አለች።

ሶክና ሰጠቻት። እናትየው የልጇን እጅጌ ገልባ ክታቡን ከክርኗ በላይ አሰረችላት። ቋጠሮውን በጥርሷ ሳበችው።

“እዚህ ከሆነ ገመዱን አይነካውም?”

“አይነካውም” አለ ማሳምባ።

“እሺ።” ጀርባዋን እንደሰጠችው ነው። ቋጠሮውን ደጋግማ ትነካካለች፤ የታሰረ ነገር ነው፣ ምንም አልጎደለውም። “ንዲያጋ ብዙ ክታብ ነበረው። አንዱን እኔ አሰርኩለት። ሌሎቹን ለትግል ብሎ አሰልጣኙ የሚያመጣለት ነበር። ያ ያገኘኸው የቱ ነበር?”

ማሳምባ ሶክናን አየ። ሶክና መሬት መሬቱን ታያለች። ለልጅቷ መንገር የነበረበትን ነግሯል፤ ከእንግዲህ በዚህ ነገር የሚሞት የለም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ከሁለት ዓመት ወዲህ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ለራሱ ሳይሆን ሊዋሽ ፈለገ።

“የትግሉ ነው” አላት።

“አምጣው።”

ይህን አላሰበም ነበር። እምቢ ማለትም አልቻለም። ቆርቆሮውን ከመደርደሪያው አውርዶ ከሰሙ ሥር ክታቡን አወጣና መዳፏ ላይ አስቀመጠው። የባሕር ጨው ቆዳውን አጨማዶታል። ማሰሪያው ግን እንዳለ ነው፤ አረንጓዴ ጨርቅ በሦስት ተጎንጉኖ። ንዲያጋን በሕፃንነቱ አዝላ ያሳደገችበት ጨርቅ እንደዚያ አረንጓዴ እንደነበር ማሳምባ ያን ጊዜ ነው ያስታወሰው።

ያይ ማጌት በአውራ ጣቷ ጉንጉኑን ከጫፍ እስከ ጫፍ ዳሰሰችው። ከዚያ መልሳ ዳሰሰችው። ጨርቁን ወደ አፍንጫዋ አምጥታ አሸተተችው።

“አዎ” አለች። “የትግሉ ነው። የኔ ቢሆን አውቀው ነበር።”

ክታቡን ግን አልመለሰችለትም። የሽርጧን ጫፍ ፈትታ እዚያ ውስጥ ቋጠረችው፣ አጥብቃ፣ ሁለት ጊዜ። ከዚያ ጎንበስ ብላ ገበቴውን አነሳችና ልጇን ሳንቃውን ያዥልኝ አለቻት።